የዕንቁጣጣሹ ጠረጴዛ፦ ለማኅበረሰብ ማዕከላችን ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለማኅበረሰብ ማዕከላችን የሥራ አመራር ቦርድ
ሰሜን ቨርጂኒያ

ግልባጭ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው አባላት በሙሉ

ጉዳዩ፦ ከታይምሼር ሻጭ ጋር የተደረገው የስፖንሰርነት ስምምነት እንዲቋረጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣

ዘንድሮ በዕንቁጣጣሽ በዓላችን ላይ፣ በቡናው ድንኳንና በልጆች መጫወቻው መካከል፣ ለአንድ የታይምሼር ሻጭ ድርጅት ጠረጴዛ ሰጥታችሁ ነበር። ታይምሼር ማለት በሪዞርት ክፍል በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት፣ የማረፍ መብት ነው። ድርጅቱ ለበዓሉ ወጪ እንዳገዘ፣ በምላሹም ጠረጴዛ፣ ባነርና በመድረክ የሚነበብ ማስታወቂያ እንዳገኘ ራሳችሁ ተናግራችኋል። የተነበበው ማስታወቂያ ቤተሰብ በየዓመቱ ለሆቴል የሚከፍለውን አስቀርቶ የራሱ የዕረፍት ቤት ባለቤት እንደሚሆን የሚያበስር ነበር። ለገናም ከዚሁ ድርጅት ጋር ለመቀጠል መወሰናችሁን ሰምተናል። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀን መልስ ስላጣን አሁን ለእናንተም ለአባላቱም በግልጽ እንጽፋለን።

እኛ በግብር ወቅት የአባላትን ፎርም የምንሞላ፣ በሌላው ጊዜ የባንክ፣ የኪራይና የኢንሹራንስ ደብዳቤ የምናነብ የማዕከሉ በጎ ፈቃደኞች ነን። የታይምሼር ውል ወደ እኛ የሚመጣው ከተፈረመ በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መሰረዝ የሚቻልበት ቀን ካለፈ በኋላ። በዓሉ መድመቁን አልጠላንም። የሚከነክነን ቦርዱ ምን እንደሚሸጥ ሳይመረምር የማዕከሉን ስም ማዋሱ ነው።

ድርጅቱ ጠረጴዛው ላይ ካዘጋጀው የሽልማት ሎተሪ እንጀምር። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወረቀት ስምና ስልክ ጠይቆ አላበቃም። ባለትዳር ነዎት ወይ፣ የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ከ50 ሺህ ዶላር ያልፋል ወይ፣ ክሬዲት ካርድ አለዎት ወይ ይላል። ዕጣ ለማውጣት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ለብድር የሚበቃውን ከማይበቃው መለያ ነው። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የታተመው ደግሞ ፈራሚው ስልኩን "አትደውሉልኝ" በሚባለው የፌዴራል መዝገብ ያስመዘገበ ቢሆንም እንኳ፣ በማሽን ጭምር እንዲደወልለት መስማማቱን ይገልጻል። እንዲህ ያለ የጽሑፍ ፈቃድ ከሰጠ በኋላ መዝገቡ አያስጥለውም። "ዕጣ ወጣልዎ" የሚለው ስልክ ሲመጣ ሽልማቱ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ዊልያምስበርግ ሁለት ሌሊት ማደር ሆኖ ይገኛል፤ ባልና ሚስት አብረው ገብተው የ90 ደቂቃ ገለጻ ካላዳመጡ ግን የክፍሉ ሙሉ ዋጋ ከካርዳቸው ይቆረጣል። ሁለቱም ይምጡ የሚባለው አንዳቸው "ቤት ሄጄ ላማክር" ካሉ ሽያጩ ስለሚያመልጥ ነው።

90 ደቂቃው ግማሽ ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ የሚቀርበው ሻጭ ተግባቢ ነው። ባለፉት ዓመታት ለዕረፍት ስንት እንዳወጣችሁ ይጠይቅና በ20 ወይም በ30 ዓመት አባዝቶ፣ የዋጋ ንረትም አክሎ፣ አስደንጋጭ ቁጥር ወረቀት ላይ ያሰፍራል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ከሌላው ይልቅ ይጎዳል። አብዛኞቹ አባሎቻችን "ለዕረፍት ስንት ታወጣላችሁ?" ሲባሉ ወደ አገር ቤት የሚሄዱበትን የአውሮፕላን ትኬት ነው የሚቆጥሩት፤ ለአምስት ሰው ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት፣ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ሻጩ ያንን ሁሉ "ለሆቴል የባከነ" አድርጎ ይደምረዋል። ታይምሼር ትኬት አይቆርጥም። አዲስ አበባ ደርሶ እናቱ ቤት የሚያርፍ ሰውም የሚያስቀረው የሆቴል ሂሳብ የለውም።

ከዚያ ማናጀር የሚባለው ይመጣል። 40 ሺህ ተብሎ የነበረው ዋጋ ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 22 ሺህ ይወርዳል፤ "ለዛሬ ብቻ" ተብሎ። በበዓል ዋዜማ በግ ተራ እንኳ በአንድ ሰዓት እንዲህ የሚወርድ ዋጋ አይታይም። ለቅድሚያ ክፍያ ገንዘብ የለንም የሚሉ ሰዎች እዚያው ጠረጴዛ ላይ አዲስ ክሬዲት ካርድ ይከፈትላቸዋል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሲወጡ ሁለት ብድር ይዘው ነው የሚወጡት፦ አንዱ የታይምሼሩ፣ ሌላው የካርዱ። ሁለተኛውን ብዙዎቹ የሚያውቁት ቢሉ ወደ ቤት ሲመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ታይምሼር ለቤተሰብ ገንዘብ ያተርፋል ወይ? ከመድረክ "አዎ" ተብሏልና ሂሳቡን እንሥራው። በዘርፉ ማኅበር በአርዳ ሪፖርቶች መሠረት በቅርብ ዓመታት የአንድ አዲስ ታይምሼር አማካይ ዋጋ ከ20 ሺህ ዶላር፣ ዓመታዊው የጥገና ክፍያ ደግሞ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ 22 ሺህ ዶላር ዋጋና 1,200 ዶላር የጥገና ክፍያ ብለን ብንነሣ አላጋነንንም። 2,200 ዶላር ቅድሚያ ተከፍሎ ቀሪው 20 ሺህ በሻጩ ብድር ይያዛል። የሻጭ ብድር ወለድ እንደ ቤት ብድር አይደለም፤ ከ12 እስከ 18 በመቶ የተለመደ ነው። 15 በመቶ በ10 ዓመት እንበል፦ የወር ክፍያው ወደ 323 ዶላር፣ የ10 ዓመቱ ድምር 38,720 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ወለዱ ብቻ 18,720 ይሆናል። የጥገና ክፍያው በየዓመቱ 5 በመቶ ቢጨምር በ10 ዓመት 15,093 ዶላር ይደርሳል። ሁሉም ሲደመር 56,013 ዶላር።

ይህ ቤተሰብ በየዓመቱ አንድም ሳይቀር ሳምንቱን ቢጠቀም፣ የአንዱ ሳምንት ዋጋ 5,601፣ የአንዱ ሌሊት 800 ዶላር ነው። አራቱን ዓመት ባይጠቀምስ? አንዱን ክረምት አገር ቤት ሄደው፣ ሌላውን ሥራ ቀይረው ፈቃድ ስላላገኙ፣ አንዱን ሚስት ስለወለደች ማለት ነው፤ ለእኛ ሰው ይህ የተለመደ ኑሮ ነው። በስድስት ሳምንት ሲካፈል ሌሊቱ ከ1,300 ዶላር ያልፋል።

"በጥሬ ገንዘብ ብንገዛስ?" ለሚሉ፦ 22 ሺህ ሲደመር 15,093፣ በ10 ሳምንት ሲካፈል፣ ሌሊቱ 530 ዶላር ገደማ ነው። ያውም 22 ሺህ ዶላር ባንክ ተቀምጦ የሚያስገኘውን ሳንቆጥር።

ማወዳደር ያለብን ግን ከውድ ሆቴል ጋር አይደለም። ያንኑ ኮንዶ፣ ያንኑ ሳምንት፣ ራሳቸው ባለቤቶቹ በኢንተርኔት ያከራያሉ፤ መሸጥ ስላቃታቸው የጥገና ክፍያቸውን ቢመልስላቸው ደስ ይላቸዋል። ስለዚህ የኪራዩ ዋጋ ብዙ ጊዜ በጥገናው ክፍያ አካባቢ ነው። 1,400 ዶላር እንበልና እሱም በየዓመቱ 5 በመቶ ይጨምር፤ የ10 ዓመቱ ኪራይ 17,609 ዶላር ነው። ገዢው ከተከራዩ 38,404 ዶላር በላይ አውጥቷል፤ የተኙበት አልጋ ግን አንድ ነው።

ሻጩ ለዚህ መልስ አለው፦ "ብድሩ ሲያልቅ ነጻ ትሆናላችሁ"። ይህንንም እናስላው። በ11ኛው ዓመት የጥገና ክፍያው ወደ 1,955፣ ኪራዩ ወደ 2,280 ይሆናል። ገዢው ከዚያ ዓመት ጀምሮ እውነት ነው ይቆጥባል፤ 325 ዶላር፣ እሱም በየዓመቱ በመጠኑ እያደገ። ያቺ ቁጠባ ቀደም ብሎ ያወጣውን የ38,404 ዶላር ልዩነት የምትመልሰው ከገዛ በ50ኛው ዓመት ነው። በ35 ዓመቱ የፈረመ ሰው በ85 ዓመቱ ይካካሳል ማለት ነው፤ እስከዚያ አንድም ዓመት ሳያመልጠው ከተጠቀመ።

እውነቱን ለመናገር የሚያተርፉም አሉ። ሳምንቱን ከባለቤቱ ላይ በጥቂት ዶላር፣ አንዳንዴም በ1 ዶላር በኢንተርኔት ሐራጅ የገዛ፣ በየዓመቱ ወደ አንድ ቦታ በመኪና የሚሄድ፣ ወጥ ቤት ያለው ሁለት መኝታ ቤት የሚያስፈልገው ትልቅ ቤተሰብ፣ የጥገና ክፍያውን ብቻ እየከፈለ ሌሊቱን ከ220 ዶላር ባልበለጠ ሊያርፍ ይችላል፤ ሁለት የሆቴል ክፍል ከመያዝ ይሻለዋል። የዲስኒም ታይምሼር ከሌሎቹ በሁለት ነገር ይለያል፦ ውሉ ማብቂያ ዓመት አለው፣ በሁለተኛ እጅ ሲሸጥም ዋጋው እንደ ሌሎቹ አይወድቅም። የእናንተ ጠረጴዛ የሸጠው ግን ይህንን አይደለም። አዲስ፣ በብድር፣ ማብቂያ የሌለው ነው።

ቀጥሎ "ባለቤትነት" ስለሚባለው። እኛ ዘንድ ቤት መግዛት ማለት ሀብት መያዝ ነው፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። አሁን የሚሸጠው ግን በአብዛኛው ክፍል የሚያዝበት ነጥብ ነው። ነጥቡ በየዓመቱ ይሰጣል፤ ክፍል የሚገኘው ግን ቀድሞ ለያዘ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት የባሕር ዳርቻ ለማግኘት ከ10 እስከ 13 ወር ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። የሥራ ፕሮግራሙ በየሁለት ሳምንቱ የሚወጣለት ነርስ ወይም የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ከዓመት በፊት ሳምንት መቁረጥ አይችልም። በመጨረሻ የሚደርሰው ማንም ያልፈለገው የየካቲት ሳምንት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ አይደል? የታይምሼር ሳምንት በሚያለዋውጡት ድርጅቶች፣ በአርሲአይ ወይም በኢንተርቫል ኢንተርናሽናል በኩል፣ ወደ ሌላ ቦታ ልለውጥ ቢልም ለአባልነቱ በየዓመቱ፣ ለልውውጡ ደግሞ በየጊዜው ከ200 ዶላር በላይ ይከፍላል። "በመላው ዓለም፣ ኢትዮጵያም ጭምር" ለሚባል ተስፋ የልውውጡ ዝርዝር ከመፈረም በፊት ተከፍቶ ይታይ፤ በቃል የተባለ አይያዝም።

የጥገና ክፍያ ስሙ ቀላል ይመስላል። ውስጡ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ የንብረት ግብር፣ የአስተዳዳሪው ድርጅት አበልና የመጠባበቂያ ገንዘብ አለ። ብድሩ ቢያልቅም አያልቅም። ተጠቀሙም አልተጠቀሙም ይከፈላል። አውሎ ነፋስ ጣሪያ ካነሣ ወይም መጠባበቂያው ካነሰ "ልዩ መዋጮ" ተብሎ በአንድ ጊዜ መቶዎች፣ አንዳንዴም ሺዎች ይጠየቃል። ያልከፈለ ሰው መጀመሪያ ክፍል መያዝ ይከለከላል፣ ከዚያ ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት ይተላለፋል፣ በመጨረሻ ፎርክሎዠር (ንብረቱን በዕዳ መነጠቅ) ይመጣል። ፎርክሎዠር በክሬዲት ሪፖርት ላይ 7 ዓመት ይቆያል። ቤት ለመግዛት ሲዘጋጁ የነበሩ ባልና ሚስት የቤት ብድር የተከለከሉት በዚህ ምክንያት መሆኑን የባንኩን ደብዳቤ ስናነብላቸው ነው ያወቁት።

ስለ ግብር በየዓመቱ የምንመልሰውን ጥያቄ እዚህ እንድገመው። "ከግብር ላይ ይቀነስልዎታል" የሚለው የሻጭ ቃል አብዛኛውን አባል አይመለከትም። ወለዱ ሊቀነስ የሚችለው ብድሩ በዲድ (በባለቤትነት ሰነድ) በተመዘገበ ንብረት የተያዘና እንደ ሁለተኛ ቤት የሚቆጠር ከሆነ፣ ሰውየውም ወጪውን በሼጁል ኤ (በተቀናሽ ወጪዎች መዘርዘሪያው ቅጽ) የሚዘረዝር ከሆነ ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ አባሎቻችን መደበኛውን ተቀናሽ ነው የሚወስዱት። የጥገና ክፍያ አይቀነስም፤ ከውስጡ የንብረት ግብሩ በቢሉ ላይ ተለይቶ ከተጻፈ ያ ብቻ፣ እሱም ለሚዘረዝር ሰው። በ22 ሺህ ገዝቶ በ500 ዶላር የሸጠ ሰው ኪሳራውን መቀነስ አይችልም፤ ለግል መገልገያ የተገዛ ንብረት ነውና። በዚህ ላይ ሻጩ ዕዳውን ሲሰርዝ 1099-ሲ የሚባል ፎርም ሊልክ ይችላል፤ የተሰረዘው ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ያንን ፖስታ ሳይከፍቱ የጣሉ አባላት በኋላ ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ ደብዳቤ ደርሷቸዋል።

ውርስም አለ። ብዙዎቹ ውሎች ለዘላለም የሚቆዩ ናቸው፤ ሻጩ "ለልጆችዎ ይተላለፋል" የሚለው እውነቱን ነው፤ የሚተላለፈው ግን የጥገና ክፍያው ጭምር ነው። ልጆች የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። አልቀበልም የሚሉ ከሆነ ግን ሳይጠቀሙበትና ክፍያም ሳይጀምሩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው፤ የፌዴራል የግብር ሕግ ለእንዲህ ያለ እምቢታ ያስቀመጠው ጊዜ ከሞቱ ቀን ጀምሮ 9 ወር ነው፣ ሥርዓቱ ደግሞ እንደየስቴቱ ይለያያል። አርባና ሰማንያ ሲያወጣ ለከረመ ቤተሰብ 9 ወር እንደ ቀልድ ያልፋል።

ከሁሉ በላይ ያስቆጣን የቋንቋው ነገር ነው። ጠረጴዛው ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሻጭ ቆሞ ነበር፤ ውሉ ግን ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ "ከዓመት በኋላ መልሰን እንገዛልዎታለን"፣ "ልናከራይልዎ እንችላለን" ተብሏል። በእንግሊዝኛ በተጻፈው ውል ውስጥ ደግሞ ገዢው በቃል በተነገረው በምንም ነገር ላይ እንዳልተመረኮዘ የሚያረጋግጥ አንቀጽ አለ፤ ከጎኑ የስሙን መነሻ ፊደላት አኑሯል። በፍርድ ቤት የሚያዘው ያ ፊርማ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን በአማርኛም እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል፤ የግል ሻጭን ግን አይመለከትም። ስለዚህ በራሳችን አዳራሽ፣ በራሳችን ቋንቋ፣ የማዕከሉ አርማ ካለበት ባነር ሥር የተነገረ ቃል ለአባላት ከሕግ በላይ መተማመኛ ሆኗቸዋል። ያንን መተማመኛ የሸጠው ቦርዱ ነው።

የመሰረዣው ቀን። ይህንን በዓሉ ላይ አንድ ሰው ቢናገር ኖሮ ብዙ ቤተሰብ ይድን ነበር። ቨርጂኒያ 7 ቀን፣ ሜሪላንድ 10፣ ፍሎሪዳ 10፣ ኔቫዳ 5 ቀን ትሰጣለች፤ ሁሉም የሚቆጠሩት እሁድን ጨምሮ ነው። የፌዴራሉ የ3 ቀን የማሰቢያ ደንብ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ስለማይጨምር በእሱ መተማመን አይቻልም። የሚያዘው ሰውየው የሚኖርበት ስቴት ሕግ ላይሆን ይችላል፤ ውሉ ውስጥ የተጠቀሰው ነው። ኔቫዳ ውስጥ ላስ ቬጋስ ለሠርግ ሄደው ቅዳሜ የፈረሙ ባልና ሚስት ጊዜያቸው ሐሙስ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል፤ ቨርጂኒያ ተመልሰው 7 ቀን አለን ብለው ተቀምጠው ያመለጣቸው አሉ።

የእኛ የወረቀት እገዛ ጠረጴዛ የሚከፈተው እሁድ ብቻ መሆኑም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ዊልያምስበርግ ቅዳሜ የፈረመ ሰው እሁድ መንገድ ላይ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅደሩን ይዞ ሲመጣ 8ኛ ቀኑ ሆኗል። በሥራ ቀን አንድ ምሽት አዳራሹን ክፈቱልን ያልናችሁ ለዚህ ነበር።

አሰራረዙ ከባድ አይደለም፤ የሚበላሸው በአካሄድ ነው። አንዱ ለሻጩ ስልክ ደውሎ "እሺ፣ ተሰርዟል" ተብሎ ዘጋ፤ በወሩ ቢል መጣ። ሌላዋ ለሻጩ ቴክስት ላከች። ሦስተኛው ክፍያውን በካርዱ አስቆመና ውሉ የፈረሰ መሰለው፤ የሆነው ግን የክፍያ መዘግየት መመዝገብ ነው። መደረግ ያለበት እንዲህ ነው። ከተሰጠው ማኅደር ውስጥ "የመሰረዝ መብት" የሚለውን ገጽ መፈለግ፤ ብዙ ጊዜ ከወፍራሙ ሰነድ ኋላ ወይም በኪሱ ውስጥ በዩኤስቢ ነው የሚገኘው። አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ፦ የገዢዎቹ ሙሉ ስም ልክ በውሉ ላይ እንዳለው፣ የውሉ ቁጥር፣ የተፈረመበት ቀን፣ የሪዞርቱ ስም፣ "ይህን ውል ሰርዣለሁ፣ የከፈልኩት በሙሉ ይመለስልኝ" የሚል ዐረፍተ ነገር። ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም፤ ምክንያት ለጻፈ ሻጩ ማግባቢያ ያገኛል። ባልም ሚስትም ከፈረሙ ሁለቱም ይፈርሙ። ለሻጩ ቢሮ ሳይሆን ውሉ ለመሰረዣ ብሎ ወደ ሰጠው አድራሻ በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ በደረሰኝ በሚመዘገብ ፖስታ)፣ ከመቀበያ ደረሰኝ ጋር መላክ፤ የሚቆጠረው ፖስታ ቤቱ ማኅተም የመታበት ቀን ነው። ማኅተሙ ፊት ለፊት ሲመታ ማየት፣ የደብዳቤውንና የደረሰኙን ፎቶ ማስቀረት። የተሰጠውን ስጦታ ወይም ማኅደር አለመመለስ መሰረዙን አይከለክልም፤ ውሉ መልሱ ካለ ግን ለብቻው በፖስታ ይላክ። እዚያው የተከፈተው ክሬዲት ካርድም ራሱን ችሎ በጽሑፍ ይዘጋ፤ ውሉ ሲሰረዝ እሱ አብሮ አይዘጋም።

ቀኑ ላለፈባቸውም ተስፋ የለም አንልም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሪዞርቱ ራሱ ነው፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ብድሩ የተጠናቀቀና የጥገና ክፍያው ያልተጓደለ ንብረት መልሰው የሚረከቡበት አሠራር አላቸው፤ አንዳንዱን በነጻ፣ አንዳንዱን በክፍያ። ብድር ያለበት ሰው በ15 በመቶ ከመቀጠል ከክሬዲት ዩኒየን ዝቅ ባለ ወለድ ወስዶ ቢዘጋው ይሻለዋል። ይህ ነጻ አያወጣም፣ ደሙን ግን ያቆመዋል።

እዚህ ላይ በማዕከሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስለተለጠፈው ወረቀት ዝም ማለት አንችልም። "ከታይምሼር 100 በመቶ እናወጣለን" የሚል ነው፤ ስልክ አለው፣ አድራሻ የለውም። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ብዙ ሺህ ዶላር አስቀድመው ይቀበላሉ፤ ከዚያ "ክፍያ አቁሙ" ይላሉ፤ ሰውየው ፎርክሎዠር ሲደርስበት "ይኸው ወጡ" ይሉታል። የዋሽንግተን ስቴት ዓቃቤ ሕግ በ2020 ታይምሼር ኤግዚት ቲም በሚል ስም ይሠራ የነበረውን ድርጅት ከሶ በ2021 በ2.61 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጨርሷል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የዊስኮንሲን ስቴት በ2022 በመሠረቱት ክስ ደግሞ አንድ የሚዙሪ ቡድን በአብዛኛው ከአረጋውያን ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሰብሰቡን ከሰዋል። ሜክሲኮ ውስጥ ታይምሼር ላላቸው "ገዢ አግኝተናል፣ ግብሩን ብቻ ይላኩ" እያሉ የሚደውሉት ጉዳይ ከዕፅ አዘዋዋሪ ቡድን ጋር መያያዙን በ2023 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ማዕቀብ ሲጥል ይፋ አድርጓል። አስቀድሞ ክፍያ የጠየቀ ማንም ቢሆን ስልኩ ይዘጋበት። ወረቀቱ ግን አሁንም ሰሌዳው ላይ ነው፤ ትናንትም አይተነዋል።

ስለዚህ ከገና በዓል በፊት የሚከተለው እንዲፈጸም እንጠይቃለን።

ከድርጅቱ ጋር ያለው ስምምነት ይቋረጥ፤ ለገናም ጠረጴዛ አይሰጠው። ምን ያህል ገንዘብ እንደተቀበላችሁና በስምምነቱ ምን እንደገባችሁለት ለጠቅላላ ጉባኤው በጽሑፍ ይቅረብ።

በዕንቁጣጣሽ የተሰበሰቡት የሎተሪ ወረቀቶች እንዲመለሱ፣ ስልኮቹም ከመደወያ ዝርዝር እንዲወጡ ቦርዱ በማዕከሉ ስም ለድርጅቱ ደብዳቤ ይጻፍ። ዕጣ ሞልተው ጥሪ እየደረሳቸው ያሉ አባላት ራሳቸውም ፈቃዳቸውን በጽሑፍ እንዲያነሡ፣ የደብዳቤውን ናሙና እኛ እናዘጋጃለን፤ ቦርዱ በኢሜይል ያሰራጭልን።

የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለው ወረቀት በዚህ ሳምንት ይነሣ።

ከእንግዲህ ብድር፣ ኢንሹራንስ፣ ኢንቨስትመንት ወይም የዕረፍት ቤት የሚሸጥ ስፖንሰር ሲመጣ፣ አባላት የሚፈርሙት ውል ቅጂ ከበዓሉ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ ይሰጠንና አንብበን በአማርኛ አንድ ገጽ ማጠቃለያ እንጻፍ። ውሉን አስቀድሞ ማሳየት የማይፈልግ ድርጅት ጠረጴዛ አያግኝ።

በገና በዓል መድረክ ላይ፣ ማስታወቂያው በተነበበበት በዚያው ማይክሮፎን፣ የአራቱ ስቴቶች የመሰረዣ ቀናትና የሰርቲፋይድ ሜይሉ አካሄድ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ይነበብ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጽሑፉ ተዘጋጅቷል።

ረቡዕ ምሽት ከ12 እስከ 2 ሰዓት አዳራሹ ለወረቀት እገዛ ይከፈት። ቁልፉን የሚረከቡ ሁለት ሰዎች ከእኛ መካከል ተመድበዋል።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የማዕከሉ የግብርና የወረቀት እገዛ ጠረጴዛ በጎ ፈቃደኞች